እትዬ ዘርፌ ያስቀመሰችው አረቄ

ጠጋ ጠጋ በሉ። እሳቱን አታራግቡት፣ እንዳለ ይቆይ። ውሻውም ይጩኽ፣ ተዉት፤ እሱ የሚያየውን እኛ አናይም። ያን በር ግን ዝጉት። አዎ፣ እንዲህ።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ዱሮ ነው። ምን ያህል ዱሮ? አያቴ ጥርሳቸው ሳይረግፍ። የት? መንደሩን አልጠራም። ስሙን ብጠራው ከመሃላችሁ «የአክስቴ አገር ነው» የሚል አይጠፋም፤ ከዚያ ወሬው ሌላ ይሆናል። መንደር ነው በሉ። ከመንደሩ በታች ቁልቁለት አለ፣ ከቁልቁለቱ ሥር ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጉብታ አለ፣ ጉብታው ላይ ጥቂት ቤቶች አሉ። ከወዲህ ወደ ወዲያ የሚያሻግረው መንገድ አንድ ነው። በቀን ፍየል ይሄድበታል። ሌሊትስ ማን ይሄድበታል? ማንም። ሌሊት ማንም አይሄድበትም ነበር።

ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው። ጨረቃ የለችም። እንዴት ያለ ጨለማ መሰላችሁ? እጅህን ዘርግተህ ጣትህን ብትፈልግ የሌላ ሰው ጣት የምታገኝበት ጨለማ።

በዚያ ጨለማ፣ በዚያ መንገድ፣ ከማዶው ጉብታ ወደ ወንዙ አንድ ሰው ብቻውን ይወርዳል። ማን ነው? አያ ሸጋው ነው።

አያ ሸጋውን ላሳውቃችሁ። ገበሬ ነው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ አንገቱ እንደ ቆቅ ነው። አረቄ ይወዳል። አረቄ የሚወድማ ሞልቷል ትሉኝ ይሆናል። እሱ ግን ከመውደድ አልፎ ያከብራል። ሌላው ጠጪ እንደሚያደርገው ገልበጥ አድርጎ አይውጥም። መለኪያውን ያነሣና መጀመሪያ ያሸታል። ቀጥሎ ትንሽ ምላሱ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ዓይኑን ሲገልጥ «ድፍድፉ ቸኩሏል» ይላል። ወይም «ጭስ ገብቶበታል» ይላል። ወይም ምንም አይልም፤ ድገሙኝ ብሎ መለኪያውን ይዘረጋል። እንግዲያ ጥሩ ነው ማለት ነው።

አያ ሸጋው ውሸታም ነበር። ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። ስለ ዕድሜው ይዋሻል። ስለ በሬው ይዋሻል። ነብር ገድያለሁ ይላል፤ የገደለው ድመት ነው፣ እሱንም በስሕተት። ስለ አረቄ ግን ዋሽቶ አያውቅም። የገዛ አማቱ የደከሙበትን አረቄ አስቀምሰውት «እንዴት ነው ልጄ?» ቢሉት፣ «ቁስል ማጠቢያ ይሆናል» ያለ ሰው ነው። ሚስቱ እንጉዳይ ለዚህች ቃል ከፋሲካ እስከ ሰኔ አኮረፈችው። አኮረፈችው፣ ቃሉን ግን አላነሣም።

ውድ መጠጥም አያታልለውም። አንድ ጊዜ የጭነት መኪና የሚነዳ የመንደሩ ተወላጅ ከከተማ ውስኪ ይዞ መጣ። ጠርሙሱ ላይ ፈረስ ተስሏል። አገር ሁሉ ተሰበሰበ። አያ ሸጋው ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንዴት ነው?» አሉት።

«ፈረሱ ጥሩ ነው» አለ።

«ውስኪውስ?»

«ውስኪውም ክፉ አይደለም። ነገር ግን እሱን የሚጠጣ ሰው ዋጋውን እያሰበ ነው የሚጠጣው። የእትዬ ዘርፌን የሚጠጣ ሰው ምንም አያስብም።»

ሹፌሩ ራሱ ሳቀ። ማታውን እትዬ ዘርፌ ዘንድ ሲጠጣ አመሸ።

እትዬ ዘርፌስ ማን ናት? አረቄ አውጪ ናት። ወንዙ ዳር ጉልቻዋን ጎልታ፣ ማሰሮዋን ጥዳ፣ መቃውን ሰክታ፣ የሚንጠባጠብበትን ዕቃ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነክራ የዳጉሳ አረቄ ታወጣ ነበር። ኪሱ የሳሳ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ገበሬው ይወርዳል፣ ሸማኔው ይወርዳል፣ ቄሱም ጉንፋን ሲይዛቸው ይወርዳሉ። ጉንፋን ደግሞ በዚያ አገር ክረምት ከበጋ አይጠፋም።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ለሌለው ሰው በነጻ ትቀዳለች። ግን ምስጋና ከአፏ አይወጣም። ግንባሯ እንደተቋጠረ ነው የኖረችው። አትክልት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። አትክልት ከልጅነቷ ጀምሮ እንጨት ትለቅማለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እሳት ታነዳለች። «እማዬ፣ እስቲ እኔ ልሞክር?» ስትል እናቷ ምን ትላታለች? «ውሃ ቅጂ» ትላታለች። አትክልት አደገች፣ ባል አገባች፣ ወለደች፣ ባሏ ጥሏት ጠፋ። ተመልሳ መጣች። «እማዬ፣ ልሞክር?» «ውሃ ቅጂ።» እንዲህ ነበሩ።

ከዚያ እትዬ ዘርፌ ሞተች። ሰው ናት፣ ሞተች። ለአትክልት የቀራት ያ ማሰሮ፣ ያ ጋን፣ ያ መቃ ብቻ ነው። ልጆቿን በምን ታሳድግ? ማሰሮውን ወደ ቤቷ፣ ወደ ማዶው ጉብታ ወሰደችው። ወንዙ ዳር ጉልቻው ባዶውን ቀረ።

አርባዋ ሲደርስ አትክልት ተዝካር አወጣች። አረቄውን ራሷ አወጣችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንዲት ጠብታ እንዳትፈስባት እየተጠነቀቀች ቀዳች። ሰውም መለኪያውን እንደያዘ አልጠጣም። ሁሉም ዞሮ ማንን ያያል? አያ ሸጋውን።

«እስቲ ፍረድ» አሉት።

አሸተተ። ምላሱ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። እሱ ዓይኑን ሲገልጥ እንባ ሞልቶበታል።

«አፈሩ ይቅለላትና» አለ፣ «ከእናቷ ይበልጣል።»

በሙት ተዝካር ላይ እንዲህ ይባላል? አይባልም! አንዲት አሮጊት አማተቡ። «ኧረ ሸጋው፣ ትሰማሃለች!» አሉት።

«ትስማ!» አለ አያ ሸጋው፣ መለኪያውንም ዘረጋ።

ልብ በሉ። ትስማ ነው ያለው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ በቡድን በቡድን እየሆነ ወደ ቤቱ ወረደ። ብቻውን የሄደ አልነበረም። እንጉዳይ ባሏን በክንዱ ያዘችው።

«ተነሥ፣ ከሰዉ ጋር እንሂድ።»

«አንድ ልድገምና እደርስብሻለሁ።»

«ሸጋው፣ በዚያ ወንዝ ሌሊት ብቻህን አትምጣ።»

«ነብር የገደልሁ ሰው ምን ያስፈራኛል?»

«ድመት» አለች እንጉዳይ። ሄደች።

አንዱን ደገመ። ያንን ደግሞ ለማወራረድ ሌላ ደገመ። ከዚያ ዱላውን ይዞ ወጣ። አሁን ደርሰንበታል፤ በዚያ ጨለማ፣ በዚያ መንገድ፣ ብቻውን የሚወርደው ይህ ሰው ነው።

ይወርዳል። ዱላው ድንጋዩን ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ያንጎራጉራል። ግጥሙ ይጠፋዋል፣ ሌላ ይጀምራል። ወንዙ ሊደርስ ሲል አንድ ነገር ሸተተው። ምን ሸተተው? ጅብ ነው? አይደለም። ነብር ነው? አይደለም። አረቄ ነው። ትኩስ አረቄ፣ ገና ከመቃው የወረደ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በእኩለ ሌሊት፣ ሰው በማይኖርበት ወንዝ፣ ትኩስ አረቄ ቢሸታችሁ? ትሮጣላችሁ። ማንም ይሮጣል። አያ ሸጋውም ሮጠ።

ወደ ሽታው።

ጥቂት እንደሄደ ድምፅ ሰማ። ጠብ። ዝም። ጠብ። ዝም። ጠብ።

«ይህማ የመቃ ጠብታ ነው» አለ ለራሱ። «ማን ይሆን በዚህ ሌሊት የሚያወጣው? ከቀራጭ የሚደበቅ ይሆናል። እግዜር ያበርታው።»

ደግሞ ጥቂት ሄደ። ብርሃን አየ። እሳት ነው። ግን ቀይ አይደለም፤ ሰማያዊ ነው፣ አረቄ ላይ ክብሪት ሲጭሩበት እንደሚነደው ያለ። ቀረበና እጁን ሊሞቅ ዘረጋ። እሳቱ በረደው። የሚበርድ እሳት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም እስከዚያ ሌሊት አላየም ነበር።

ከእሳቱ ወዲያ ሴት ተቀምጣለች። ጀርባዋን ሰጥታለች። ነጭ ለብሳለች።

«ደህና አመሹ እናቴ» አለ።

ዝም።

«ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?»

ዝም። ጠብ። ዝም።

ነጩን ልብስ ልብ ብሎ አየው። ነጠላ መስሎት ነበር። ነጠላ ግን ጥለት አለው፤ ይህ ጥለት የለውም። ከራስ እስከ እግር በክር ተጠፍሯል። መግነዝ ነው።

የአያ ሸጋው ስካር ወዴት ሄደ? በእግሩ ጣት በኩል ወጣ። እሮጣለሁ አለ፣ እግሩ እንቢ አለው። እጮኻለሁ አለ፣ አፉ እንቢ አለው።

ሴትዮዋ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። መለኪያ ይዛለች። እጇ መጣ፣ መጣ፣ መጣ። እሷ ከእሳቱ ወዲያ እንደተቀመጠች፣ እጇ እሳቱን ተሻግሮ እሱ አፍንጫ ሥር ደረሰ።

«ትስማ አልህ» አለች። ድምፅዋ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። «ሰማሁ።»

«እ... እትዬ ዘርፌ፣ እርስዎ ነዎት?»

«በኔ ጉልቻ ሌላ ማን ሊቀመጥ ነው?»

«እንደምን ከረሙ?» አለ። አስቡት እስቲ! ሙት እንደምን ከረምሽ ይባላል? ግን ምን ይበል? ጨዋ ያሳደገው ሰው ነው።

«ሞቼ ከረምሁ» አለች።

ከዚያ ዞረች። ፊቷ ምን የሚመስል ይመስላችኋል? ጥርሱ የገጠጠ? ዓይኑ የጎደጎደ? አይደለም። ፊቷ እንደ ዱሮው ነው። ያው እትዬ ዘርፌ ናት፣ ያው ግንባሯን ቋጥራ። የባሰውም ይኸው ነበር፤ አያ ሸጋው በሕይወት ሳለችም ይፈራት ነበር።

«ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጠ።

«በተዝካሬ ቀን፣ ለነፍሴ የቀረበውን በልተህ፣ ልጅሽ ትበልጣለች አልህ። በአገር ፊት።»

«ሞቅ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ።»

«አንተ ሞቅ ሲልህ የምትዋሸው ስለ ነብር ነው። ስለ አረቄ አትዋሽም። ለዚህ ነው የጠበቅሁህ። እኔ መቅመስ አልችልም። ሙት ጉሮሮ የለውም። ሽታው ይደርሰኛል፣ ጣዕሙ አይደርሰኝም። አንተ ትቀምሳለህ፣ አንተ ትፈርዳለህ።»

ድንጋዩ ላይ ሁለት መለኪያ ደረደረች። «ይህ የኔ ነው። ዛሬ ያወጣሁት። ይህኛው የሷ ነው። ከተዝካሩ ያመጣሁት።»

«ከፈረድሁ በኋላ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ?»

«እንደ ፍርድህ ነው» አለች። «የኔ ይበልጣል ካልህ፣ እሰይ፣ የሚያውቅልኝ ሰው አገኘሁ ማለት ነው። ከዚህ ንቅንቅ አትልም። እኔ አወጣለሁ፣ አንተ ትቀምሳለህ፣ እስከ ምጽአት። ብቻዬን ሰልችቶኛል።»

«የልጅዎ ይበልጣል ካልሁስ?»

«አንተ ትሄዳለህ። እኔም እሄዳለሁ። ወደ ቤቷ እወጣና ማሰሮውን እሰብራለሁ። ጋኑን እሰብራለሁ። መቃውንም እሰብራለሁ። የኔ ናቸው።»

ሰማችሁ? አንዱን ቢል እሱ ይቀራል። ሌላውን ቢል የአትክልት ልጆች የሚበሉት ያጣሉ። ምን ይሻላል? እናንተ ንገሩኝ እስቲ፣ ምን ይሻላል?

አያ ሸጋው አሰበ። «እኩል ናቸው» አለ።

«ሳትቀምስ!» አለች። እሳቱ ዘሎ እስከ ቅርንጫፉ ወጣ፤ ቅዝቃዜው ጢሙ ላይ አመዳይ ጣለበት። «እኩል የሚባል አረቄ የለም። ቅመስ!»

ቀመሰ። መጀመሪያ የእትዬ ዘርፌን። አሸተተ፣ ምላሱ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ወንድሞቼ፣ አረቄስ አረቄ ነው! እንዲያ ፈርቶ እንኳ ጣፈጠው። ደረቱን አሞቀው። ቀጥሎ የአትክልትን ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን አልገለጠም።

«እህ?» አለች።

«ትንሽ ይድገሙኝ፣ አልተለየልኝም።»

ደገመችው። ቀመሰ።

«እህ?»

«ያለ ቆሎ እንዴት ይፈረዳል፣ እትዬ? ምላሴ መታጠብ አለበት።»

«ቆሎ ከየት ላምጣልህ? ከመቃብር?»

«እንግዲያ ከዚህኛው ትንሽ። አሁን ከዚያኛው። ቆይ፣ እንደገና ከዚህኛው።»

ብልሃቱ ገብቷችኋል? ጊዜ እየገዛ ነው። ሙት ዶሮ ሲጮኽ እንደሚጠፋ ሰምቷል። ስለዚህ ይቀምሳል፣ ጆሮውን ወደ መንደሩ ያቀናል። ይቀምሳል፣ ያዳምጣል። ዶሮ የለም። ይቀምሳል፣ ያዳምጣል።

«ዶሮ ነው የምትጠብቀው?» አለች እትዬ ዘርፌ።

«ኧረ! ምላሴን ነው የማዳምጠው።»

«የዚህ አገር አውራ ዶሮ ሁሉ ዛሬ ለተዝካሬ ታርዷል። አንተም ሁለት ቅልጥም በልተሃል።»

እውነቷን ነበር። በልቷል። ያን ጊዜ አያ ሸጋው ተስፋ ቆረጠ።

መለኪያውን ድንጋዩ ላይ አኖረ። ስለ እንጉዳይ አሰበ፤ ይመጣል ብላ በሩን ሳትሸጉጥ ተኝታለች። ስለ አትክልት አሰበ፤ ስትቀዳ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስባት እንዴት እንደተጠነቀቀች። ጀግና አይደለም፤ ቢበዛ ድመት የገደለ ሰው ነው። ነገር ግን በሆዱ እንዲህ አለ፦ «ለእነዚያ ልጆች ስል አንዴ ልዋሽ። የእርስዎ ይበልጣል ልበላትና እዚሁ ልቅር።» ወሰነ። አፉን ከፈተ።

«የ...» አለ።

እትዬ ዘርፌ ጎንበስ አለች።

«የእ...» አለ። ምላሱ እንቢ አለው። ስንቱን የዋሸ ምላስ፣ በሬውን ያሰባ፣ ዕድሜውን ያሳነሰ ምላስ፣ ለዚህች ለአንዲት ቃል ግን እንደ በቅሎ ቆመ። እንደገና ሞከረ።

«የልጅዎ!» ብሎ ጮኸ። «የልጅዎ ነው የሚበልጠው!»

ብሎ ሲያበቃ በግንባሩ ተደፋ።

«ማሰሮውን አይስበሩባት እትዬ! እኔን ይውሰዱኝ! ልጆች አሏት! እኔ ምን አለኝ? እንጉዳይ ታለቅሳለች፤ ትንሽ ታለቅስና ከዚያ ታርፋለች! እኔን ይውሰዱኝ!»

ጠብታው ቆመ። ወንዙ ራሱ የቆመ መሰለው። አያ ሸጋው አፈሩ ላይ እንደተደፋ፣ አሁን ወሰደችኝ፣ አሁን ወሰደችኝ እያለ ጠበቀ።

«በምን ይበልጣል?» አለች፣ ቀስ ብላ።

አንገቱን ቀና አደረገ። ስለ አረቄ ሲጠየቅ ፍርሃቱም ይረሳዋል። «የእርስዎ ሲወርድ ጉሮሮ ያቃጥላል» አለ። «እውነተኛ አረቄ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። የሷም ያቃጥላል። ግን ካቃጠለ በኋላ ይቅርታ ይጠይቃል።»

«ይቅርታ ይጠይቃል?»

«አዎ። ደረት ላይ ሲደርስ ይለዝባል። እጁን ትከሻህ ላይ ጣል እንደሚያደርግ ወዳጅ ነው።»

እትዬ ዘርፌ እሳቱን አየች። «ማን አስተማራት?» አለች።

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ሌላ ማን አላት? ውሃ ስትቀዳ እያየችዎት ነበር። እንጨት ስትጨምር እያየችዎት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ከእርስዎ ላይ ዓይኗን ነቅላ አታውቅም።»

ግንባሯ ተፈታ። እንዲያ ያለ ነገር በሕይወቷም ታይቶ አይታወቅም። ግንባሯ ሲፈታ አትክልትን ቁርጥ ሆነች።

«ሂድና ንገራት» አለች።

«ምን ልበላት?»

«ጥሩ ነው በላት።»

«ይኸው ነው?»

«አይበቃም?»

«ለልጅ አይበቃም፣ እትዬ።»

እትዬ ዘርፌ አሰበች። ድንጋይ የምትሸከም ይመስል ነበር። «እንግዲያ 'በጣም' ጨምርበት» አለች።

አያ ሸጋው ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ። ሊሄድ ሲል ግን አረቄው ልብ ሰጥቶታልና ጠየቀ። «እርስዎ ራስዎ ለምን አይነግሯትም?»

እሳቱ ጠፋ። ጉልቻው ባዶ ነው። ሽታው ብቻ ቀረ።

ወደ ቤቱ ልሂድ ብሎ አላሰበም ብላችሁ ነው? አሰበ። የሙት አደራ በልቶ ግን ማን ያድራል? ስለዚህ የወረደውን ቁልቁለት ተመልሶ ወጣ። ዞሮ አላየም። አንዴም ዞሮ አላየም። ከኋላው የእግር ኮቴ ያዳምጣል፤ ምንም ኮቴ የለም። «እሰይ» ይላል፣ ይወጣል። ወንዙ ራቀ፣ ጉልቻው ራቀ፣ የትኩሱ አረቄ ሽታ ግን አልራቀም። «ጢሜ ላይ ፈሶ ይሆናል» አለ። ጢሙን በጋቢው ጠረገ። ሽታው አልጠፋም። ደግሞ ጠረገ። አልጠፋም።

የአትክልት ቤት ደረሰ። ብርሃን አለ፤ አልተኛችም፣ ዕቃ ታጥባለች። በሩን አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሸጋው።»

«አያ ሸጋው! ምን ረስተህ ነው?»

«አልረሳሁም። መልእክት ይዤ ነው። በሩን እስቲ ሳትከፍቺ ስሚኝ፣ እብድ እንዳትዪኝ። ወንዙ ዳር እናትሽን አገኘሁ። አረቄዋ ጥሩ ነው በላት ብላኛለች።» ከዚያም ጨመረ። «በጣም። በጣም ጥሩ ነው ብላለች።»

ከውስጥ የውሃው ድምፅ ቆመ። መወርወሪያው ተሳበ። አትክልት ኩራዟን ከፍ አድርጋ ወጣች።

አያ ሸጋው ትጮኻለች ብሎ ነበር የጠበቀው። አልጮኸችም። ትስቅብኛለች ብሎ ነበር። አልሳቀችም። እንዲያውም እሱን አላየችውም። በትከሻው ላይ አሻግራ፣ ከኋላው ያለውን ታያለች።

«እማዬ» አለች፣ «ሌሊት ሌሊት እየመጣሽ ደጄ ላይ ዝም ብለሽ ስትቆሚ ከርመሽ፣ ይህችን ለማለት ሰው መላክ ነበረብሽ?»

ከአያ ሸጋው ማጅራት ላይ፣ ከጆሮው ሥር፣ ቀዝቃዛ ትንፋሽ መጣ።

«አፍሬ እኮ ነው» አለ ድምፁ።

አያ ሸጋው ወዴት ሮጠ? ወደ ኋላ እንዳይሮጥ እሷ አለች። ወደ ፊት ሮጠ። አትክልትን አልፎ፣ ምድጃውን ዘሎ፣ አልጋ ሥር ገባ። በማግሥቱ እንጉዳይ ሰው አስከትላ ስትመጣ በእግሩ ጎትተው ነው ያወጡት። አትክልት ግን በሩ ሳይዘጋ፣ ኩራዟ ሳትጠፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታወራ አደረች። ከማን ጋር? አልጋ ሥር ያለ ሰው ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ነበርና አልሰማም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ እትዬ ዘርፌን ያየ የለም። የአትክልት አረቄ ግን እንዲያው ከዓመት ዓመት እየጣፈጠ ሄደ ይላሉ።

እንግዲህ የኔ አፍ ደረቀ፣ የእናንተም ጆሮ ጠገበ። ስሙኝ፤ ሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። ከጠጣችሁማ ጭራሽ። ጅብ ይበላችኋል ብዬ አይደለም፤ ጅብ በልቶ ይገላግላል። ያ ሰው ያን ዳገት ብቻዬን ነኝ እያለ ነው የወጣው፤ ብቻውን ግን አልነበረም።

በሉ ተነሡ፣ ተያይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹ መሃል ይግቡ። በስተኋላ የሚሄደው ማነው? አንተ ነህ? እሺ፣ ጥሩ።

ከአንተ ኋላ የቆመችውስ?